ዋንጫ ጠባቂው

ስሜ ትሕትና ነው፤ በልጅነቴ ግን ከስሜ ጋር ብዙም አንተዋወቅም ነበር። ያየሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ መልስ ካጣሁ ራሴ እመልሳለሁ፤ ራሴ የመለስሁትን ደግሞ ከወንጌል እኩል አምናለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ አፏን ለጥያቄ አከራይታዋለች» ትለኝ ነበር። ከጠየቅሁትና ከመለስሁት ሁሉ ግን እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ፣ አንዳንዴም የሚያስለቅሰኝ የጋሽ ዘሩ ዋንጫ ነገር ነው።

አባቴ ታደለ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሮ ሲመጣ እኔ ገና ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ከአስፓልቱ ገባ ብሎ፣ አጥሩን ተከትሎ ጌሾ የበቀለበት ግቢ ውስጥ ቤት ተከራየን። የግቢው ባለቤቶች ጋሽ ዘሩና እትዬ እታለም ይባላሉ። ጋሽ ዘሩ ከመንገድ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ረዥም፣ ሲስቁ ከአፋቸው ይልቅ ትከሻቸው የሚስቅ ሰው ነበሩ። እትዬ እታለም ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ነገር ከአፋቸው አይወጣም። እንዴት አደሩ ቢሏቸው እንኳ መልሳቸውን ሁለቴ ማሰብ ያስፈልጋል።

ዕቃችንን ከጋሪ ስናወርድ አንድ ጎረምሳ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ዋንጫ ጠባቂው አሉ?» አለ።

«ሜዳ ነው» አሉት እትዬ እታለም ፊታቸውን ኮሶ አስመስለው። ጎረምሳው እየሳቀ ሄደ።

ዋንጫ ጠባቂ! ግብ ጠባቂ ግብ ይጠብቃል፤ ከብት ጠባቂ ከብት ይጠብቃል። ዋንጫ ጠባቂ ምን እንደሚጠብቅ ለማወቅ ሁለተኛ ክፍል መድረስም አያስፈልግም። የከተማው ዋንጫ እኛ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ዘበኛውም የቤታችን ባለቤት ናቸው። ያን ቀን ከኩራቴ ብዛት እራቴን እንኳ በወጉ አልበላሁም።

አማርኛችን ያለንን የምንጠብቅበትንም፣ የሌለንን የምንጠብቅበትንም በአንድ ቃል እንደሚጠራ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በወንዙ በላህ ስም የላህ ኮከብ የተባለው የከተማው ቡድን ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ጋሽ ዘሩ ደግሞ «ዘንድሮስ አይቀርም» ያላሉበት ዓመት አልነበረም። ዋንጫ ጠባቂ ስድብ ነበር፤ በሳቅ የተለወሰ ይሁን እንጂ ስድብ ነበር።

እኔ ግን የጥበቃ ሥራቸውን በቅርብ እከታተል ጀመር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዘመን ያስቆጠረ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ጨዋታው ሳይጀመር ዳር ዳሩን እየዞሩ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ጠጠር ይለቅማሉ። እኔ የሌባ ዱካ የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ ከኋላቸው ተከትዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ዘሩ፣ ዋንጫውን ብቻዎን ነው የሚጠብቁት?»

ትከሻቸው ሳቀ። «ብቻዬን ቀረሁ እንጂ ድሮስ ሁለት ነበርን። ከአብተው ጋር ነበር የምንጠብቅ።»

«እሳቸውስ የት ሄዱ?»

«አረፈ፣ ልጄ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

ያነሡትን ጠጠር በእጃቸው አገላብጠው አዩት። «እሱስ አይመለስም። እኔ ነኝ ተራዬ ሲደርስ ወደሱ የምሄድ።»

ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ጥበቃው በተራ ነው፤ አብተው የሚባሉት ተረኛ ተራቸውን ጨርሰው ቤታቸው እያረፉ ነው። ዕረፍታቸው ትንሽ እንደበዛ ግን አልወደድሁላቸውም። ማታ ለአባቴ፣ «አብተው የሚባሉ ሰውዬ ሰነፍ ናቸው፤ ሥራውን ሁሉ ለጋሽ ዘሩ ጥለውባቸዋል» አልሁት። አባቴ ጆሮው ራዲዮኑ ላይ ስለነበረ «ይሆናል» አለኝ።

በዓመቱ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ስንጫወት የሰነፉን ተረኛ ስም ከድንጋይ ላይ አነበብሁት። ቡድኑን ከጋሽ ዘሩ ጋር ሆነው ያቋቋሙት፣ ያን ሜዳም ከከተማው ልጆች ጋር ድንጋዩን ለቅመው ያቀኑት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ዘሩ የሚለቅሙት ጠጠር ከዚያ የተረፈው ነው።

ያን ጊዜ ግን ሐሳቤ ሁሉ ዋንጫው ላይ ነበር። ካላየሁት ሞቼ እገኛለሁ አልሁ። እትዬ እታለም ደጅ ላይ ጌሾ ሲወቅጡ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ፣ «እትዬ፣ የጋሽ ዘሩን ዋንጫ ያሳዩኝ» አልኋቸው።

ሙቀጫውን ተዉት። «ወይ ጉድ! እሱን ደሞ ማን ነገረሽ አንች?»

«ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

ጥቂት ካመነቱ በኋላ ጓዳ ገብተው፣ ከግድግዳው ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውርደው አመጡ። ሲፈቱት የጠላ መጠጫ ቀንድ ነው። ልሙጥ፣ ጠቆር ያለ፣ አፉ ሰፋ ብሎ ግርጌው የጠበበ የቀንድ ዋንጫ። እኔ የጠበቅሁት በቴሌቪዥን እንደማየው ሁለት ጆሮ ያለው የሚያብረቀርቅ ነገር ነበርና ኩምሽሽ አልሁ።

«ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው። አብተውና ዘሩ ‹ዋንጫ ከዚህ ደጅ የገባ ዕለት በዚህ እንጠጣለን› ተባብለው ተማማሉና ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ ጠላ ሽው ብሎበት አያውቅም። አይነካም፣ ሰማሽ?»

«ወርቅ አይደለም እኮ፣ እትዬ።»

ፈገግ አሉ። «ለመሪጌታ ልጅ ነው እንዲህ የምትይ? ወርቁማ ከሰሙ ሥር ነው፤ ፈልጎ ላገኘው።»

ተገላገልሁ! ሌባ እንዳይለየው ከላይ ሰም ለብጠውታል ማለት ነው። እሳቸው ወደ ሙቀጫቸው ዞር ሲሉ ጠርዙን በጥፍሬ ፋቅሁት። ሰሙ እንዴት ያለ ጠንካራ ሰም ነበር!

ክረምቱ አልፎ መስኩ ሲደርቅ በዙሪያችን ካሉ ከተሞች ጋር ውድድሩ ተጀመረ። የላህ ኮከብ ደምበጫን አሸነፈ፤ ጅጋን በመከራ አለፈ፤ ለዋንጫው ከቡሬ ጋር ደረሰው። የከተማው ወሬ ሁሉ ኳስ ሆነ። ጨዋታው ሊደርስ ሲል አባቴ ስኳር ሊገዛ ወደ ይታገሱ ሱቅ ሲሄድ ተከተልሁት።

ይታገሱ የደጋፊዎች ሊቀ መንበር ነበር። ወላጆቹ ያን ስም ሲያወጡለት ልጁን ገና አላወቁትም ይሆናል፤ እንደሱ ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው አላየሁም። ጋሽ ዘሩ ሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«አያ ዘሩ፣ ዘንድሮስ ምን ይላሉ?» አላቸው ይታገሱ ስኳሩን እየመዘነ።

«ዘንድሮስ አይቀርም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ስንት ዓመት ሙሉ ጉሮሯችን እስኪነቃ ጮኸን። የማያርስ በሬ ይታረዳል እንጂ ቆሞ አይቀለብም። ዘንድሮም ካላመጡ እኛ እጃችንን እናነሣለን፤ ቡድኑም ይበተን!»

«በሬስ እያረሰ ነው። አዝመራው እንቢ ባለ በሬው ይታረዳል እንዴ?» አሉ ጋሽ ዘሩ።

አባቴ ጣልቃ ገባ። እሱ የእንግሊዝ ክለብ ደጋፊ ነበር፤ የቱ ክለብ እንደሆነ ግን በየጊዜው ይለያያል፤ በዚያ ዓመት ዋንጫ የበላው ማን እንደሆነ ይታያል። «ግን እኮ ጋሽ ዘሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ደጋፊ ዋንጫ ካልጠበቀ ምን ይጠብቃል?»

«ልጆቹን ነዋ የሚጠብቅ።»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። «እንግዲያማ የዋንጫ ጥበቃውን ይተዉና ሞግዚት ይሁኑ!» አለ ይታገሱ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዋንጫም ልጆችም መጠበቅ ለአንድ ሽማግሌ እንደሚበዛ እያሰብሁ ነበር።

ጋሽ ዘሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ትከሻቸው ዝም ብሏል። «ስማኝ ይታገሱ! ዘንድሮ ያን ዋንጫ ቡሬ ከወሰደው፣ ሁለተኛ ሜዳውን አልረግጥም። የአብተው አጥንት ይውጋኝ!»

የሰነፉ ተረኛ አጥንት ጋሽ ዘሩን ለምን እንደሚወጋ አልገባኝም፤ መሐላው ግን አስፈራኝ። ከሄዱ በኋላ ይታገሱ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ቡሬ ደግሞ ዋንጫ በልቶ አይጠግብም» ሲል ነገሩ ሁሉ ተገለጸልኝ። ቀንዱን ሊበሉት ነው!

ጋሽ ዘሩና እትዬ እታለም ልጅ አልወለዱም። ያኔ ይህን እንደ ቁም ነገር አልቆጠርሁትም፤ ዛሬ ግን ሰውየው በዚያ መሐላ ምን እንዳስያዙ ይገባኛል። ሜዳው ላይ «ጋሼ፣ የጫማዬን ክር ይሰሩልኝ፤ ጋሼ፣ እግሬ ወለም አለኝ» እያሉ የሚከቧቸው ጎረምሶች ነበሩ ልጆቻቸው። ያን ሜዳ ካልረገጡ ከጡረታቸውና ከጸሎታቸው በቀር የሚቀራቸው ነገር አልነበረም።

የፍጻሜው ዕለት እሑድ ነው። እትዬ እታለም የማኅበር ተራ ወደ ደረሰው ዘመዳቸው ቤት ሄዱ። እኔ የጋሽ ዘሩን ካፖርት ጫፍ ይዤ ሜዳ ወረድሁ። ሕዝቡ ከአጥር እስከ አጥር ሞልቷል፤ ከገጠር በእግሩ የመጣውም ዛፍ ላይ ወጥቷል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሰው የጫነ አይሱዙ አቧራውን እያስነሣ መጣ። የቡሬ ደጋፊዎች ናቸው። የመኪናውን ጎን እየደበደቡ በአንድ ድምፅ ይጨፍራሉ፦

«ዋንጫችንን ልንወስድ መጣን! ወስደን ልንሄድ መጣን!»

ዞር ብዬ ጋሽ ዘሩን አየኋቸው። ጠባቂው እዚህ ቆመዋል። እትዬ እታለም ማኅበር ላይ ናቸው። አብተው አርፈዋል። ታዲያ ዋንጫውን ማን ይጠብቀዋል? ካፖርቱን ለቅቄ ፈረጠጥሁ።

ቤታቸው እንደተለመደው ገርበብ ብሎ ነበር። ጓዳ ገብቼ፣ እንስራ ላይ ቆሜ፣ ቀንዱን ከነጨርቁ አወረድሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ቤት ውስጥ መደበቅ አላሰኘኝም። ከአጥሩ ሥር ጌሾው መሐል ተሸጉጬ ቀንዱን በሆዴ አቅፌ ተቀመጥሁ።

ከሜዳው ጩኸት ይመጣል፣ ይሄዳል። ጉንዳን እግሬን ነከሰኝ፤ አልተነቃነቅሁም። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል አንድ ከሁሉም የበረታ ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያ የአይሱዙ ጥሩንባ፤ ከዚያ ዝምታ። እየመጡ ነው አልሁ። ቤተ ክርስቲያን የሰማሁትን ጸሎት ሁሉ ያለ ተራው ደጋገምሁት።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ እታለም ናቸው። ቀጥሎ የግቢው በር ተገፋና ጋሽ ዘሩ ገቡ። ብቻቸውን አልነበሩም። ካፖርታቸው ሥር አንድ ጎረምሳ ሸፍነው ይዘዋል፤ በረኛው አሸናፊ ነው። ፊቱ በእንባና በአቧራ ጭቃ ሆኗል። ባለቀ ሰዓት ቀላል ኳስ በእግሩ መሐል አምልጦት ገብቶበት ነበር። ሰው እየተሳደበ፣ አፈር እየበተነ ሲከተለው ጋሽ ዘሩ መሐል ገብተው፣ ከዘራቸውን አግድም ይዘው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አቅፈውት እንደወጡ የሰማሁት ከአባቴ ነው። «ደጋፊ ምን ይጠብቃል ብዬ ስጠይቃቸው መልሰውልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁ» ይላል እስከ ዛሬ።

ጋሽ ዘሩ ደፉ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «እታለም፣ ቡሬ ወሰደው። በቃኝ። ሜዳው ከእንግዲህ ይቅርብኝ።»

«በእኔ ነው፣ ጋሼ፤ በእኔ ምክንያት ነው» አለ አሸናፊ እየተንሰቀሰቀ።

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልሁም። ከጌሾው መሐል ዘልዬ ወጣሁ። «አልወሰዱትም!»

ሦስቱም ደነገጡ። ቅጠል ከጠጉሬ ላይ እየረገፈ፣ ጨርቁን ፈትቼ ቀንዱን ጋሽ ዘሩ ጭን ላይ አስቀመጥሁት። «ደብቄው ነበር። ሊበሉት ነበር፤ ግን አላገኙትም። ጠብቄልዎታለሁ!»

ጋሽ ዘሩ ቀንዱን አዩ፤ እኔን አዩ። አልሳቁም። ጥፋት ያጠፋሁ መሰለኝና እኔም ላለቅስ ስል እትዬ እታለም እልል አሉ። አንዴ ብቻ፣ ረዥምና ጥርት ያለ እልልታ።

«ምን ሁነሻል አንች? አብደሻል?» አሏቸው ጋሽ ዘሩ።

«አንተ ዘሩ፣ እስቲ ቃልህን አስታውስ። ምን ብለህ ነው የማልህ? ‹ዋንጫውን ቡሬ ከወሰደው› አይደል? ወሰደው እንዴ? ይኸው ጭንህ ላይ! ከአብተው ጋርስ ምን ብላችሁ ነበር? ‹ዋንጫ ከዚህ ደጅ የገባ ዕለት እንጠጣለን።› ልጅቱ ከደጅ ይዛው ስትገባ ዓይንህ አላየም?»

«ይኸማ የእኛው ቀንድ ነው…»

«ስትምሉ የቀንዱን ነው የብሩን ነው አላላችሁም። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ በቃል አትከራከረኝ።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ትከሻቸው ነው። ከዚያ ደረታቸው፣ ከዚያ ድምፃቸው። እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። እንባና ሳቅ በአንድ ፊት ላይ ሳይጣሉ ሲኖሩ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ቅጅ እንግዲህ» አሉ።

እትዬ እታለም ቀንዱን አለቅልቀው ጠላ ሞሉት። ጋሽ ዘሩ ከአፉ ጥቂት መሬት ላይ ጠብ አደረጉና «ለአብተው» አሉ። ራሳቸው ግን አልቀመሱም፤ ለአሸናፊ ሰጡት። «ጠጣ፣ ስምህ እኮ አሸናፊ ነው። እሑድ ሜዳ እንገናኛለን።» ልጁ በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። ያኔ በሩ ላይ ሰው አየን፤ ይታገሱ ነው። ሊሳደብ መጥቶ እልልታው ግራ አጋብቶት ቆሟል።

«ና ግባ፣ ይድረስሃል» አሉት እትዬ እታለም። «እስከዚያው ግን እንደ ስምህ።»

ቡድኑ አልተበተነም። ጋሽ ዘሩም በእሑዱ ጠጠራቸውን ለቀሙ፤ እኔም አብሬያቸው።

የላህ ኮከብ እስከ ዛሬ ዋንጫ አልበላም። እኔ አድጌ መምህር ሆንሁ፤ እንዳለው የሚባል የቡሬ ሰው አገባሁ። በሠርጌ ቀን ጋሽ ዘሩ፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ቀንድ እጄ ላይ አኖሩት።

«ይኸው እንግዲህ፣ በስተመጨረሻ ቡሬ ወሰደው» አሉኝ ትከሻቸው እየሳቀ። «እግሬም እምቢ ብሏል፤ ሜዳውን አልረግጥም። መሐላዬ ደረሰ። ጠብቂልኝ።»

ባለፈው ጥቅምት ጋሽ ዘሩ አረፉ።

በዚህ ዓመት የላህ ኮከብ እኛ ወደምንኖርበት ወደ ቡሬ መጥቶ ተጫወተ። ሴት ልጄን ይዤ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጥሁ፤ ባሌ ከማዶ ሆኖ እጁን ያውለበልብብናል። ተሸነፍን። ሰዉ እየጨፈረ ወጣ፤ ባጃጆቹ ሄዱ፤ ሜዳው ባዶ ሆነ። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ከማዶው ጥግ ጫማቸውን ይፈታሉ። ልጄ እጄን ጎተተችኝ።

«እማ፣ ሁሉም ሄደ እኮ። ምን ነው የምንጠብቅ?»

«ልጆቹን» አልኋት።